ለቤት ሠራሽ ራዲዮ ፈጣን የሎጂክ ቺፕ ስለ መምረጥ

(በመርሳ ግቢ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)



ዛሬ የምናገርለት ዕቃ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ፣ በሁለት ጎኑ በጠቅላላው 14 እግሮች ያሉት ጥቁር ቁራጭ ነው። ስሙም ቁጥርና ፊደል ብቻ ነው። የእርሻ ተማሪ በሚበዛበት ግቢ ቆሞ ስለዚህ ዕቃ መናገር ምን ፋይዳ አለው የሚል ጓደኛ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ጉዳዩ የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ስለ ምርጫ ደግሞ ከእርሻ ተማሪ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ለደጋ የተመሰከረለት ዘር ለሐብሩ ቆላ አይሆንም፤ ይህም ዘሩ መጥፎ ስለ ሆነ ሳይሆን ቦታው ስላልሆነ ነው። በቺፕም ረገድ እንዲሁ «ከሁሉ ፈጣኑን አምጡልኝ» የሚል ሰው ገንዘብ ከፍሎ ችግር ሊገዛ ይችላል። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ማስረጃው ነው።

ራዲዮ ለእኛ ለምን ያስፈልገናል?

መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሞባታል፤ በስተ ምሥራቅ አገሩ ወደ አፋር ዝቅታ ይወርዳል። ስልክ ሲሠራ ይህ አቀማመጥ ለማንም አይታወሰውም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ አካባቢያችንን ከያዘ ጀምሮ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ግን ስልኩም ኢንተርኔቱም ባንኩም እንደ ተቋረጠ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ የነበረ ልጅ የእናቱን ደኅንነት የሚሰማው በእግሩ ካመለጠ መንገደኛ አፍ ነበር። ከዚያም በፊት በ1965 ዓ.ም. ረኃቡ ወሎን በመታ ጊዜ ወሬው መንገድ ላይ ዘግይቶ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደዚህ መጥተው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ባሳዩ ጊዜ ብዙ ተማሪ ተነሣ። እኛ የምንኖረው ወሬ ሲዘገይ ሰው በሚጎዳበት አገር ነው።

የአማተር ራዲዮ ጦርነት አያስቆምም፤ ለተራበም እህል አያመጣም። ይሁን እንጂ ያለ ማማ፣ ያለ ኬብል፣ በአንድ ባትሪና በአንድ ሽቦ ከተራራ ወዲያ ካለ ሰው ጋር መነጋገርን ያስተምራል። በዓለም አቀፍ ስምምነት ለኢትዮጵያ ጣቢያዎች የተሰጠው መጠሪያ በ«ኢቲ» ይጀምራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ የተተከለው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ ለብዙ ተማሪዎች መማሪያ ሆኗል። አዲስ አበባ የተቻለው መርሳ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ነገር ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ፤ ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ክልክል ነው። ፈቃዱ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥራ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው አብዛኛው ስለ መቀበያ ነው፤ ማሰራጫው ወረቀቱ ከተያዘ በኋላ ይመጣል። ደግሞም በአሁኑ ጊዜ ሽቦ በዛፍ ላይ የሚሰቅል ተማሪ ሥራውን ለመምህሩና ለግቢው አስተዳደር አስቀድሞ ያሳውቅ፤ በስውር የሚሠራ ሳይንስ የለም።

የትኛው ሞገድ?

ለአካባቢያችን የሚስማማው ባለ 7 ሜጋኸርዙ ሲሆን፣ እኛ ባለንበት የዓለም ክፍል ለአማተሮች የተመደበው ከ7.000 እስከ 7.200 ነው። በዝቅታ የተዘረጋ ሽቦ ይህን ሞገድ ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ይልከዋል፤ ከላይ ያለው አዮኖስፌር የሚባለው ንብርብር መልሶ ያወርደዋል። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ ይህ ንብርብር ቀን ቀን በኛ ላይ ብርቱ ነው። ስለዚህ ከመርሳ በአየር 300 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀውን አዲስ አበባን ለማግኘት ተራራው እንቅፋት አይሆንም፤ ሞገዱ ከላይ ዘልቆ ከላይ ይወርዳልና። ከመሸ በኋላ ደግሞ 3.5 ሜጋኸርዝ ይሻላል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ፤ የቺፑ ምርጫ የሚነሣው ከነርሱ ነው።

ቺፑ በራዲዮ ውስጥ ምን ይሠራል?

የሎጂክ ቺፕ የተፈጠረው ለሒሳብ ማሽን ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 74 በሚል ቁጥር የሚጀምረውን ቤተ ሰብ አወጣ፤ ዛሬም ያ ቁጥር ልጅ የልጅ ልጅ ወልዶ ይኖራል። ቺፑ «አለ» እና «የለም» ከማለት በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም። አማተሮች ግን ይህ «አለ፣ የለም» በሴኮንድ ሚሊዮን ጊዜ ሲፈራረቅ ራሱ የራዲዮ ሞገድ መሆኑን አስተዋሉ።

በተለይም ዳን ቴሎ የተባለ አሜሪካዊ አማተር በ2001 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት መቀበያ ለተማሪ ኪስ የተፈጠረ ይመስላል። ከአንቴና የመጣው ሞገድ በፈጣን ማብሪያ ማጥፊያ አማካይነት ለአራት ካፓሲተሮች በየተራ ይታደላል፤ እያንዳንዱ ካፓሲተር የሞገዱን ሩብ ይይዛል። ከነዚህ አራት ሩቦች ድምፁ ተለይቶ ይወጣል። ተራውን የሚጠብቁት በአንድ ቺፕ ውስጥ ያሉ ሁለት ፍሊፕ ፍሎፖች ናቸው። ለአንድ ዙር አራት ምት ስለሚፈልጉ፣ 7.1 ሜጋኸርዝ ለመስማት የ7.1 አራት እጥፍ፣ ማለት 28.4 ሜጋኸርዝ የሆነ ምት ልንሰጣቸው ይገባል። እንግዲህ የፍጥነት ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የቤተ ሰቦቹ ጠባይ

በገበያም በአሮጌ ዕቃም የሚገኙት ቤተ ሰቦች ብዙ ናቸው፤ ለእኛ የሚበቁትን ልዘርዝር።

አንደኛው ሲዲ 4000 የሚባለው ነው። ከ3 እስከ 15 ቮልት ይሠራል፤ ከ12 ቮልት ባትሪ ላይ ያለ አማካይ ይቀመጣል፤ ኃይልም አይበላም። ነገር ግን አዝጋሚ ነው፤ በ5 ቮልት አንዱ ጌት መልስ ለመስጠት ከ100 ናኖሴኮንድ በላይ ሊወስድ ይችላል። የ7.1 ሜጋኸርዝ ሙሉ ዙር 141 ናኖሴኮንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ለድምፅ ክፍል እንጂ ለሞገድ አይሆንም።

ሁለተኛው 74 ኤልኤስ ነው። ከተጣሉ ኮምፒውተሮችና ከአሮጌ ማሽኖች ሰሌዳ ላይ ነቅለን በብዛት የምናገኘው እርሱን ነው። አንድ ጌት 10 ናኖሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ችግሩ ሥራ ፈትቶም ኃይል መብላቱ ነው፤ ከ5 ቮልትም ብዙ ፈቀቅ ማለት አይወድም።

ሦስተኛው 74 ኤችሲ ነው። ፍጥነቱ የኤልኤስ ያህል ወይም በጥቂት የተሻለ ሲሆን፣ ሥራ ሲፈታ የሚበላው ኃይል ከቁጥር አይገባም። ከ2 እስከ 6 ቮልት ይሠራል። ጠባዩም የዋህ ነው።

አራተኛው 74 ኤሲ ነው። ይህ ስም ከመብራት ኃይሉ ኤሲ ጋር ግንኙነት የለውም። በ5 ቮልት ከ5 ናኖሴኮንድ ባልራቀ ጊዜ ይመልሳል፤ ኤችሲ 4 ሚሊ አምፒር ሲሰጥ እርሱ 24 ይሰጣል። ጉልበተኛ ነው፤ እንደ ጉልበተኛ ሁሉ ግን ጎረቤት ይረብሻል።

አምስተኛው 74 ኤልቪሲ ነው፤ ለ3.3 ቮልት የተሠራ ፈጣን ቺፕ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በጣም ጥቃቅን በሆነ አካል ስለ ሆነ ለጀማሪ እጅ አይመችም።

በኤችሲና በኤሲ መጨረሻ ላይ «ቲ» የተጨመረባቸው፣ ኤችሲቲና ኤሲቲ፣ ፍጥነታቸው ከወንድሞቻቸው እምብዛም አይለይም፤ የሚለዩት በአሰማማቸው ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ለመምረጥ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መጀመሪያ፤ ምን ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል? አምራቹ በሚያወጣው የመረጃ ወረቀት ላይ ሁለት ዐይነት ቁጥር አለ። አንደኛው «እንደ ልማዱ» የሚለው ሲሆን ሁለተኛው «ቢያንስ» የሚለው ነው። 74 ኤችሲ 74 የተባለው ፍሊፕ ፍሎፕ እንደ ልማዱ ከ60 ሜጋኸርዝ በላይ ይሄዳል። አምራቹ ቃል የሚገባው ግን በ4.5 ቮልትና በ25 ዲግሪ ሙቀት 30 ያህል ብቻ ነው፤ ሙቀቱ 85 ዲግሪ ሲደርስ ቃሉ ወደ 25 ይወርዳል። እኛ የምንፈልገው 28.4 ነው። ጠረጴዛ ላይ በጥላ ሥር ያለ ጥርጥር ይሠራል፤ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ሆኖ በቆርቆሮ ጣራ ሥር በመርሳ ግንቦት ሲውል ግን በአምራቹ ቃል ሳይሆን በዕድላችን እንደገፋለን ማለት ነው። 74 ኤሲ 74 በ5 ቮልት ከ100 ሜጋኸርዝ በላይ ቃል ይገባል። ስለዚህ ለ7 ሜጋኸርዙ መቀበያ በዚህ አንድ ቦታ ላይ ኤሲ ተገቢ ነው። ወደ 14 ሜጋኸርዝ ለመውጣት የሚያስብ ደግሞ 57 ያህል ስለሚያስፈልገው ምርጫ የለውም።

ከአሮጌ ሰሌዳ የነቀልነው ኤልኤስ 74 የሚገባው ቃል 25 ነው። ለ7 ሜጋኸርዝ አይበቃም። ነገር ግን ለ3.5 ሜጋኸርዝ የሚያስፈልገው 14 ብቻ ነው! ገንዘብ የሌለው ተማሪ በተጣለ ቺፕ የሌሊቱን መቀበያ ሊሠራ ይችላል። ፍላጎቱን በቁጥር ያወቀ ሰው ድኽነቱ ግማሽ ይቀንስለታል።

ሁለተኛ፤ ቺፖቹ ይደማመጣሉ ወይ? ዛሬ ምቱን ለመፍጠር ብዙ ሰው የሚጠቀመው ኤስአይ 5351 የተባለውን ርካሽ ቺፕ ነው። እርሱ የሚሠራው በ3.3 ቮልት ነው። በ5 ቮልት የሚሠራ ኤችሲ ወይም ኤሲ ግን «አለ» ብሎ እንዲቀበል የሚጠይቀው የራሱን ቮልት 70 በመቶ፣ ማለት 3.5 ቮልት ነው። ተናጋሪው የሚጮኸው 3.3፣ ሰሚው የሚሰማው ከ3.5 ጀምሮ! አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ አንዳንድ ጊዜ አይሠራም፤ ሠሪውም ጥፋቱን በብየዳው ላይ ያሳብባል። «ቲ» ያለባቸው ግን 2 ቮልት ከሰሙ ይበቃቸዋል። ስለዚህ ከ3.3 ወደ 5 ቮልት በሚሻገርበት ድንበር ላይ ኤሲቲ ወይም ኤችሲቲ ይቁም። የኤልኤስ ቺፕ ለኤችሲ ሲናገርም ችግሩ አንድ ነው፤ መፍትሔውም አንድ ነው።

ሦስተኛ፤ ጠርዙ ምን ያህል የሰላ ነው? ብዙዎች የሚስቱት ይህን ነው። ቺፕ ችግር የሚያመጣው በሴኮንድ ስንት ጊዜ በመፈራረቁ ብቻ ሳይሆን፣ አንዷን ፍርርቅ ምን ያህል በድንገት በማድረጉም ነው። የኤሲ ቺፕ ከታች ወደ ላይ ለመውጣት 1.5 ናኖሴኮንድ ያህል ሊበቃው ይችላል። መሐንዲሶች 0.35ን በዚህ ጊዜ አካፍለው የሚረብሸው ሞገድ እስከ ምን እንደሚደርስ ይገምታሉ፤ ውጤቱ 230 ሜጋኸርዝ ያህል ነው። እንግዲህ የኤፍኤም ራዲዮ ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ መሆኑን አስቡ። 7 ሜጋኸርዝ የምናዳምጥበት ሣጥን የጎረቤታችንን የኤፍኤም ዜና ሊያበላሽ ይችላል፤ ከጎረቤታችንም በፊት የራሳችንን መቀበያ ያደነቁራል።

በዚህ ምክንያት ፈጣን ቺፕ ሽቦ በሚሰካበት የመለማመጃ ሰሌዳ ላይ አይቀመጥም። ምልክት በሰሌዳ ላይ በአንድ ናኖሴኮንድ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ለ1.5 ናኖሴኮንድ ጠርዝ ሽቦው ከ4 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ማድረግ መልካም ነው። ቺፑ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይበየድ፤ መዳቡ ሁሉ የጋራ መሬት ይሁን። በእያንዳንዱ ቺፕ የኃይል እግር ሥር 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር እግሩ አጥሮ ይቀመጥ። በመውጫው ላይ ከ22 እስከ 47 ኦም የሆነ ሬዚስተር ጠርዙን ያለዝበዋል። ሥራ የሌለው መግቢያ ሁሉ ከመሬት ወይም ከኃይል ጋር ይታሰር፤ የተለቀቀ መግቢያ የራሱን ሐሳብ ያወራልና። ይህን ሁሉ ለማድረግ ያልተዘጋጀ ሰው ኤችሲ ይግዛ። ዝግታው ይጠብቀዋል።

አራተኛ፤ ሁለቱ ወንድሞች እኩል ይራመዳሉ ወይ? በ7.1 ሜጋኸርዝ የ1 ናኖሴኮንድ መዘግየት 2.5 ዲግሪ ያህል ነው። በሁለቱ ፍሊፕ ፍሎፖች መካከል ይህን ያህል ልዩነት ከተፈጠረ ከወዲያ ማዶ ያለ የማንፈልገው ጣቢያ ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ ሁለቱም ከአንድ ቺፕ ውስጥ ይሁኑ፤ ሽቦዎቻቸውም እኩል ይርዘሙ። አንዱን ከኤልኤስ ሌላውን ከኤሲ አድርጎ መሥራት በሬና ግመል ጠምዶ እንደ ማረስ ነው።

አምስተኛ፤ ምን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል? ይህ ጥያቄ ፈቃድ ላገኘ የማሰራጫ ሠሪ ነው። ኪውአርፒ ላብስ የሚያወጣው ኪውሲኤክስ የተባለው ትንሽ የቴሌግራፍ ራዲዮ ሦስት ቢኤስ 170 ትራንዚስተሮችን በአንድ ኤሲቲ 00 ይነዳል። ምክንያቱን በሒሳብ እንየው። የሦስቱ ትራንዚስተሮች መግቢያ በድምሩ 100 ፒኮፋራድ ያህል ነው እንበል። ይህን በ5 ናኖሴኮንድ ውስጥ በ5 ቮልት ለመሙላት 100 ሚሊ አምፒር ያህል ያስፈልጋል። የኤችሲ አንድ ጌት ይህን አይችልም፤ በዝግታ ሲሞላው ትራንዚስተሩ በክፍትና በዝግ መካከል ቆሞ ይግላል። የአንድ ኤሲቲ ጌቶች ጎን ለጎን ሲታሰሩ ይችሉታል። ፈጣኑ ቺፕ በእውነት የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ነገር ግን የዚህ ዐይነት ሞገድ ባለ ማዕዘን ስለ ሆነ የሦስት እጥፉን ሞገድም ይወልዳል፤ የ7.1 ሦስት እጥፍ 21.3 ሜጋኸርዝ ሲሆን ይህም የሌሎች አማተሮች ሞገድ ነው። ማጣሪያ የሌለው ማሰራጫ ለአንድ ደቂቃም ከአንቴና ጋር አይገናኝ።

እንግዲህ ምን እንግዛ?

ለመጀመሪያው የ7 ሜጋኸርዝ መቀበያ የምመክረው ይህ ነው። ምት ሰጪው ኤስአይ 5351 ይሁን። ፍሊፕ ፍሎፑ በ5 ቮልት የሚሠራ 74 ኤሲቲ 74 ይሁን፤ ፍጥነቱም ይበቃል፤ 3.3 ቮልትንም ይሰማል። ማብሪያ ማጥፊያው ኤፍኤስቲ 3253 ቢሆን ሲከፈት የሚያሳየው ተቃውሞ ጥቂት ኦም ብቻ ነው፤ ካልተገኘ 74 ኤችሲ 4066 በጥቂት የድምፅ ኪሳራ ያገለግላል። ኤስአይ 5351 ላላገኘና በክሪስታል ለሚሠራ ሰው 74 ኤችሲዩ 04 የተሻለ ነው፤ «ዩ» የተባለችው ፊደል ውስጡ አንድ ደረጃ ብቻ መሆኑን ታመለክታለችና ለክሪስታል የሚመቸው እርሱ ነው። የቀረው ሁሉ ኤችሲ ይሁን። ኃይሉ ከፀሐይ ባትሪ 12 ቮልት ወጥቶ በ7805 ወደ 5 ይውረድ። ባጭሩ በመቀበያው ውስጥ ፈጣን የሚሆነው አንድ ቺፕ ብቻ ነው። ሁሉም ኤሲ ይሁን የሚል ሰው ካለ ሁሉም ሯጭ የሆነበት ቤት ውስጥ ውኃ የሚቀዳው ማን እንደ ሆነ ይጠየቅ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የተሠራ ራዲዮ ገዝቶ መገላገል አይሻልም ወይ?» ይላሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም፤ የተሠራው ባማረ ሣጥን ይመጣል፤ ምናልባትም የተሻለ ይሰማል። ነገር ግን በተበላሸ ዕለት የሚከፍተው ሰው ከሌለ የተዘጋ ሣጥን ሆኖ ይቀራል። በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ላይ በአንዲት ክፍል ብልሽት ብቻ አቧራ የለበሰ ዕቃ ስንት እንዳየን እናውቃለን። የእኛ ችግር ዕቃ ማጣት ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን የሚከፍት እጅ ማጣትም ነው። ይህን እጅ ማሠልጠን የሚቻለው በመክፈትና በመሥራት ነው እንጂ በመግዛት አይደለም።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለክበብ ሥራ ከሚመደበው ገንዘብ ላይ የቺፕ ከረጢት አይገዛ። በቅድሚያ አንድ ጥሩ መበየጃ፣ አንድ መልቲሜትርና አንድ ድግግሞሽ መቁጠሪያ ይገዛ፤ የጋራ ጠረጴዛም ይዘጋጅ። መቁጠሪያው ካለ የተነቀለውም የተገዛውም ቺፕ ስንት ሜጋኸርዝ እንደሚሄድ ራሳችን እንለካለን፤ ስሙ ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈበት ሐሰተኛ ቺፕም አያታልለንም። ወልድያ ካሉት የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ጋር አብረን ብንሠራ ደግሞ የእነርሱ ዕውቀትና የእኛ ቦታ ይገናኛል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቡድን የሚፈልገውን ሞገድ ጽፎ፣ አራት እጥፉን አስልቶ፣ የአምራቹን «ቢያንስ» የሚለውን ቁጥር አንብቦ፣ የሚያስፈልገውን ቺፕ በስም ይጠይቅ። ምክንያቱን በወረቀት ላይ ያላስረዳ ቡድን ገንዘብ አይሰጠው።

ይህ አሠራር ለራዲዮ ብቻ አይደለም። ፓምፕ ስንመርጥ፣ ዘር ስንመርጥ፣ ማዳበሪያ ስንመርጥ፣ «ከሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሻጭ እስረኛ ነው። «የሚበቃኝ ምን ያህል ነው? የሚገባልኝስ ቃል ምን ያህል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ከነጻነት ጎዳና ላይ ቆሟል። ስልኩ ዳግመኛ ዝም እንዳይል ሁላችንም እንመኛለን። ዝም ያለ ዕለት ግን ከዚህ ግቢ ቢያንስ አንድ ሣጥን፣ ወረቀቱ የተሟላ፣ ማጣሪያው የተገጠመ፣ በራሳችን እጅ የተበየደ፣ የሚሰማና የሚናገር ሣጥን ይኑር።

ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ፤ ክርክር ያላችሁም ይበልጥ እንኳን ደኅና መጣችሁ።